የቪትዟ ድንኳን

ባለፈው ሐምሌ ሃያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
የሱሉልታ ሰማይ ጠጠር አዘነበባት፤
ስድስት ዓመት ሙሉ እቁብ የጣልኩባት፣
በሩብ ሰዓት በረዶ ፈንጣጣ ወጣባት።

ዘንድሮስ፣ አልኩኝ፣ ሰኔ ሳይገባ ገና፣
ቤት ልሠራላት ነው ለዚች ለመኪና።
«ጋራዥ ገንባ» አለኝ በያጁ ጉርሜሳ፤
ጆሮዬን ያዝኩኝ የላሜራን ዋጋ ሲያነሳ።
ተከራይ ነኝ እኔ፣ ግቢው የእትዬ ሌንሴ፤
ተነቅሎ የሚሄድ ይሻላል ለራሴ።

መርካቶ ገባሁኝ፣ ሸራ ወደሚሸጥበት።
አንዱ ስስ ላስቲክ ነው፣ ጣቴ አለፈበት።
አንዱ ሰማያዊ፣ ስንዴ የሚያለብሱት፤
ሁለት በጋ ካየ ዱቄት ነው ቢዳስሱት።
አንዱ እንደ ወታደር አረንጓዴ፣ ወፍራም፣
ውሃ ከጠጣ ግን አራት ሰው አይሸከም።

ጥርሰ ፍንጭቱ ሻጭ ካርቶን ጎተተልኝ፤
«ይሄ ለበረዶ አገር ነው የተሠራው» አለኝ።
ሥዕሉን አየሁት፦ ቀይ መኪና ቆማ፣
ነጭ ነገር ከላይዋ፣ ጸጥ ያለ ከተማ።
የነሱ በረዶ ባዘቶ ነው፣ ይወርዳል በዝግታ፤
የኛው ድንጋይ ወርዋሪ፣ ሳይሳደብ የሚመታ።

«ይችላል?» አልኩት።
«ጣሪያውን ሹል አርገው፤ ለጥ ካለ ኩሬ ነው።
ከታች ክፍት ተውለት፤ ለታፈነ ብረት ዝገት ነው ትርፉ፤
በካስማ አትሰስት፤ እናንተ ጋ ነፋስ ነው ጎርፉ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ቱቦውን ሣር ላይ ዘረጋነው።
መመሪያው በቻይንኛ፣
ቁጥር ሰባት ቱቦ ካርቶኑ ውስጥ የለም።
ጉርሜሳ ሳይጨነቅ ባሕር ዛፍ ቆርጦ አስገባ፤
«የአገር ልጅ ይግባበት» አለ፣ «ብቻውን ብረት አይረባ።»
ሰባት ካስማ መታን፤ ስምንተኛው ከአለት ተጋጭቶ እምቢ አለ።
በሱ ፈንታ ጄሪካን ውሃ ሞልተን አሰርን፤ ድንኳኑ ተተከለ።

ነጭ ነበር ሸራው።
ነጭ፣ ሹል፣ ካጥሩ በላይ ከመንገድ የሚታይ።
ያኔ ማን ልብ አለው?

እሑድ በማለዳ በሩ ተንኳኳ።
የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርጋው፣ ከኋላው ሰባት ሴቶች፣
ነጠላ አዘቅዝቀው።
አንዷ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሣች፤
እትዬ ሌንሴ ከጓዳ ወጥታ «ማን ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች።
«መቼ አረፈ?» አለኝ ጋሽ ዘርጋው በሹክሹክታ።
«ቪትዝ ናት» አልኩት። «ደህና ናት። ውስጥ ናት።»
ሸራውን ገለጥኩ።
ዝም አሉ። ከዚያ ሳቅ ያመለጣት አለች፤
ወይዘሮ አመለወርቅ ግን ፊቷን አጠቆረች፦
«ሰው ላስቲክ ሥር ያድራል፤ አንተ ለብረት ድንኳን!»
መልስ ፈለግሁ። አፌ ውስጥ አልነበረም።

በእንጦጦ በኩል ጠቆረ።
አንድ ቋ። ሌላ ቋ።
ከዚያ ማንም ማንንም አልሰማም።
ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣
ሆዱን ስቦ፣ ከመኪናዋ ጎን ተለጥፎ፤
ጋሽ ዘርጋው ኮፈኗ ላይ፣
ወይዘሮ አመለወርቅ ጋቢና፣
ነጠላዋን ቀና አድርጋ፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣
የምትነዳ ይመስል።
ባሕር ዛፉ ጎበጠ፤ አልተሰበረም።
ሁለት ካስማ ተነቀለ፤ ጄሪካኑ ግን ቆየ።

ሲያባራ ጋሽ ዘርጋው ሸራውን ዳሰሰ፣ ወደ ላይ አየ፣
ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።
«የእድሩ ድንኳን ያፈሳል» አለ። ሌላ አላለም።

አሁን ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት
በኔ በር ነው የሚመጡት።
ካስማውን እነቅላለሁ፣ ቱቦውን እቆጥራለሁ፣
ባሕር ዛፉን ለብቻው አሥራለሁ፤
ቪትዝ ሦስት ቀን ደጅ ታድራለች።

ኮፈኗ ላይ አንድ አዲስ ጎድጓዳ አለ፣
ከመሪው ፊት ለፊት።
ጉርሜሳ «ላቃናው» ቢለኝ እምቢ አልኩት።
የወይዘሮ አመለወርቅ ለቅሶ ነው።