ግራው ይበልጣል

አስራ ዘጠኝ ዓመት ካርታ በትኛለሁ፣
አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቆሜ አንግቻለሁ።
ላስ ቬጋስ ቁማር ቤት ሰዓት አይሰቀልም፤
መሽቶ መንጋቱን ግን እኔ አልስተውም።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲሆን፣ ተረከዜ
ይወጋኛል መጥቶ፣ ሳያዛንፍ ጊዜ።
የግራው አውራ ጣት ወደ ጎን ዘምሞ
ጎረቤቱ ጣት ላይ ወድቋል ተጋድሞ፤
ከሥሩ ያለው አጥንት አብጦ እንደ ሎሚ፣
ምን ጫማ ቢያጠልቁት ሁሌ ተቃዋሚ።
ሐኪሙ ስም አወጣለት፣ ረጅም፣ በላቲን፤
«ዕረፊ» አለኝ፤ ማን ይክፈልልኝ ግን የቤት ኪራዬን?

ታክሲ የሚነዳ ዘርጋው የሚሉት ሰው
የሳምንት ገቢውን ካርታዬ ቢጨርሰው፣
«እግረ ደረቅ!» ብሎኝ ወንበሩን ገፍቶ ሄደ።
ሳቄን ዋጥኩት።
ደረቅስ በሆነ! እብጠቱ በወረደ!

በቁማርተኛ ላይ ስፈርድ ኖሬ ኖሬ
አንድ እሑድ ቁም ሳጥኔን አየሁት መርምሬ፤
አስራ አንድ ጥንድ ጫማ። አስራ አንድ ውርርድ።
«ይህኛው ያድነኛል» ብዬ የገዛሁት በግድ፤
ጄል ያለው፣ አየር ያለው፣ እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ፣
በቴሌቪዥን ያማረ፣ ኩሽና ድረስ የማያስሮጥ፤
አንዱ ለእኅቴ ይሆናል፣ አንዱ ጭራሽ አልተረገጠም፤
የተበላ ብር ነው፤ ደረሰኝ የለም፣ አይመለስም።

ሳህን አጣቢዋ ሉርደስ ናት የላከችኝ፤
«ሂጂ፣ ሽማግሌው ያይሻል» ብላ የገፋችኝ።
ቻርልስተን መንገድ ላይ፣ ጥርስ ሐኪሙን አልፎ፣
ጠባብ ሱቅ አለ፤ ስሙ በፀሐይ ተገፍፎ።
አርመናዊው ሐኮብ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣
ተንበረከከ ፊቴ። ዕድሜው ከአባቴ በላይ።
«ስንት ቁጥር ነሽ?» ብሎ እንኳን አልጠየቀም፤
«ቁሚ» አለኝ ወረቀት ላይ፤ «ተቀምጦ እግር አይታወቅም።»
በእርሳስ ዙሪያውን ሄደ፣ በዝግታ፣
እንደ አገር ድንበር፤ እጁ እብጠቱ ጋ ቆመ ለአፍታ።
«ግራው ይበልጣል» አለ። «ማንም አልነገረሽ?
ለትልቁ እንግዛ፤ ለትንሹ መሙያ አለልሽ።»
ሃምሳ ሦስት ዓመት! ባልም፣ ሐኪምም፣ እኔም፣
ሁለቱን መንታ ብለን፣ ግራውን ጠይቀነው አናውቅም።

ያወጣው ሰንደል ግን፣ ምን ልበል፣ አያምርም።
ቡናማ ነው፤ ወፍራም፤ ጀልባ ነው፣ ቢንሳፈፍ አይገርምም።
ሦስት ማሰሪያ አለው፣ ሲላቀቅ የሚንጫጫ፣
መሐሉ ጉብ ያለ፣ ለደከመ ውስጥ እግር መቀመጫ።
ቆምኩበት።
ከሥር አንድ ሰው በመዳፉ እንደያዘኝ፣
«በቃ፣ እኔ አለሁ» እንዳለኝ።
የጉርሻ ብሬን በአንድ በአንድ ቆጠርኩለት፤
«ካልተስማማሽ መልሺው» ብሎ ደረሰኙ ላይ ጻፈበት።

ሥራ ላይ አይፈቀድም። ሕጉ ጥቁር ነው፣ ድፍን ጫማ፤
እና ሌሊቱን ያድራል ቦርሳዬ ውስጥ፣ በጨለማ።
የኔ የሚሆነው ሲነጋ ነው፤ ከአሳንሰሩ እስከ መኪናዬ፣
አራት መቶ አሥር ርምጃ፤ ይኸው ነው ትርፌ፣ ገቢዬ።
ዘርጋው አንድ ቀን አየኝ፣ ታክሲው ውስጥ ሰው ሲጠብቅ፤
«ምንድን ነው የተጫማሽው?» አለኝ።
«እንዲህ ነው» አልኩት፣ «እግር እንዳይደርቅ።»

ትናንት፣ አስፋልቱ የቀኑን ግለት ገና ሳይተፋ፣
አንዲት ልጅ አየሁ፣ ቀሚሷ የሚያብረቀርቅ፣ ኩሏ በእንባ የጠፋ፤
ባለ ረጅም ተረከዙን በእጇ አንጠልጥላ
በባዶ እግሯ ቆማለች፣ አንዱን አንስታ፣ አንዱን ጥላ።
እግሬን አየች። የሳቀች መሰለኝ። አልሳቀችም።
«የት ገዛሽው?» አለችኝ። «እናቴ... እኔም...» አልጨረሰችም።
ቻርልስተን አልኳት፤ የጥርስ ሐኪሙን አለፍ ብሎ፤ ሰኞ ዝግ ነው።
«ወደ ማታ ሂጂ፣ እግር አብጦ እያለ፤
ደግሞ ግራሽን አስለኪ፤
ማን ያውቃል፤ ይበልጥ ይሆናል፣ እስከዛሬ ዝም እንዳለ።»