አንጓ

ከእንጅባራ መውጫ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
የወንበር እግር ስሞርድ፣ ቀርከሃ ስቆጥር፣
ይታይሽ መጣችኝ፣ ደብተሯን ታቅፋ።
አልጋ አልጠየቀች፣ አላየችም ሶፋ፤
ከጥግ የቆመውን፣ ሽቅብ የረዘመውን፣
በጣቷ ጀርባ አንኳኩታ ሰማችው ድምፁን።
«ይኼ ይበርር ይሆን፣ ጋሽ እንየው?» አለችኝ፤
እኔ ምኑን አውቄ፣ ዋጋ የጠየቀች መሰለኝ።

የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት፣ ፊዚክስ የምትማር፤
ሮኬት ልትሠራ ነው፣ ከቤት የሚበልጥ፣ ከባሕር ዛፍ የሚያጥር።
ብረት የሚበይደውን ሞላልኝን ጠራን፤
ሦስት ሆነን ተቀምጠን በአንድ ጥያቄ ተጣላን፦
ሞተሩ የት ይሁን? ከራሱ ወይስ ከእግሩ?

ሞላልኝ ቀደመ፤ ጋሪ ነው ነገሩ፦
«ፈረስ ከፊት ሆኖ ነው ጋሪ የሚስበው፤
ከኋላ የገፉት ረጅም ነገር፣ መጠምዘዝ ነው ዕጣው።
ፋኖስስ አታዩም፣ ከላይ ሲንጠለጠል፣
ነፋስ ቢያወዛውዘው ተመልሶ ቀጥ ሲል?»
እኔም አመንኩለት።
ይታይሽ ዝም ብላ ቆይታ «እንየው» አለች፤
ስሜን ይሁን የጠራች፣ እንሞክር ይሁን ያለች፣
እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ድንች ከተነቀለበት ማሳ ላይ አቆምነው፣
ሞተሩን ከአናቱ፣ እሳቱን በጎኑ ወደ ታች አዙረነው።
ተነሣ። አንድ ሰው ቁመት፣ ሁለት፣ ቀጥ ብሎ ከበረ፤
ከዚያ ጎኑን ሰጠ፣ ቅስት ሠርቶ ዞረ፤
ቦዩ ውስጥ ገብቶ አፍንጫው ተቀበረ።

«ፈረስ መንገድ ያያል» አለች፣ ጭቃውን እየጠረገች፤
«ሞተር ግን ዓይን የለውም» ብላ ቀጠለች፣
«አካሉ ወዳየበት ነው እሱም የሚያየው።
ፋኖሱስ ሚስማር አለው፣ ጣሪያው ነው የያዘው፤
ለዚህ ግን፣ ጋሽ ሞላልኝ፣ ሰማይ ላይ ጣሪያ ማን ሰጠው?
ሚስማሩንም ራሱ ተሸክሞት ነው የሚሄደው።
አናት ላይ ቢያስሩት፣ እግር ላይ ቢያስሩት፣
ከዘመመ ዘመመ፤ ቦታው ብቻ አይሆነውም መድኃኒት።»

ሁለተኛውን ከግርጌ አሰርን። ረጅም ነው፣ ስድስት ሜትር፤
ለነዳጁ ቱቦ ቦታ ብዬ በጋለ ብረት ስሰረስር፣
አንጓውን ከውስጡ አወጣሁት፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉንም፤
እንደ ዋሽንት ለሰለሰ። አልተናገርኩም፣ አልጠየቁኝም።
ሞተሩ ከታች ሲያገሳ፣ ክብደቱ ከላይ ሲጫነው፣
ወገቡ ጎበጠና ቋ! አለ። የእኔ እጅ ነው።
ሠላሳ ዓመት በቀርከሃ እንጀራ በልቼበት፣
አንጓ ለምን እንደተሠራ የገባኝ ያን ዕለት፦
ባዶ ነገር እንዳይታጠፍ፣ በየክንዱ፣
ቀጭንም ቢሆን አንድ ግድግዳ ይፈልጋል ሆዱ።

ያን ማታ ሞላልኝ ከአረቄው ቤት ሲወጣ፣
ያው ሮኬቱ ነበር፣ ግራ ቀኙን ሲያጣ።
ሁሌ እጁን ይዤ ከፊት እጎትተው ነበር፤
ሁሌም እንወድቃለን፣ እሱም አፈር፣ እኔም አፈር።
ይታይሽ ግን ቀን ላይ፣ ሽመል በመዳፏ አቁማ፣
ስትሮጥ አይቻለሁ ከሥሩ፣ ሳይወድቅ ቀድማ፣
ወደዘመመበት ወዲያ፣ ሲመለስም ወዲህ።
«አጭሩ ነው ክፉ» ትላለች፣ «ረጅም ጊዜ ይሰጣል ሲወድቅ።»
እኔም ብብቱ ሥር ገባሁ፣ በዘመመው ጎን፣ ሳልል ፈቀቅ።
ጉልበቱ ሳይላጥ ቤቱ ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛው አንጓ አለው። ቱቦው በየአንጓው ቀዳዳ ያልፋል፤
ጭራው ላይ ሦስት ክንፍ፤ አፍንጫው ከዘንገና ዳር ያመጣነውን ድንጋይ ለብሷል።
ገና አልተኮስነውም። ዝናብ ነው፤
ከወረዳም ደብዳቤ እየጠበቅን ነው።

ቦይ ከገባው፣ ከመጀመሪያው፣ ወንበር ሠራሁ።
ቅዳሜ ገበያተኛ መጥቶ ገለበጠው፣
«እግሩ ምነው ጠቆረሳ?» አለኝ።
«ሊበር ነበር» አልኩት።
ተቀመጠበት። ወዘወዘው።
«እንግዲያማ አይረጋም፤ መቶ ብር ቀንስ።»