የመሃሏ መደብ

ወራሚት ዳር አለን፣ ሩብ ጥማድ መሬት፣
እኔና አትጠገብ የተኳረፍንበት።

እኔ የወረፋ ሰው ነኝ፤ ሐምሌን ከማኅበሩ ደጅ ተሰልፌ
ነጩን ዩሪያ ይዤ ገባሁ፣ ግማሽ ኩንታል አቅፌ።
"ይኸውልሽ፣" አልኳት፣ "ቅጠል የሚያወጣ!"
ቀናም አላለች፤ እሷ በሐይቁ ጣጣ፦
ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ እስከ ጉልበቷ ገብታ፣
እምቦጭ ትጎትታለች፣ አበባው ሳይፈነዳ፣ ጠዋትና ማታ፤
ያንን ታንኳ አሳሪ፣ ያንን መረብ ቀዳጅ
ከምራ ከምራ አቆመችው ከደጅ።
"ይሄ ጠላት ነው እኮ፣ አትጠገብ!"
"ጠላትም ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አፈር ነው፣" አለች፣
ጉድጓዷን ቆፈረች።

እምቦጭ፣ ፍግ፣ አመድ፣ የጫት ገረባ ከጎረቤት፣
ደግሞ እምቦጭ፣ ደግሞ ፍግ፤ የኮባ ቅጠል ደረበችበት።
በሳምንቱ እጄን ብሰድ አቃጠለኝ፤
"ጉድጓድሽ ታሟል እንዴ? ትኩሳት አለው" ብላት
ሳቀች መሰለኝ።

መስከረም ሲወጣ መሬቷን ተካፈልን፣
እንደተፋታ ሰው በገመድ ለክተን፤
የሷ ወደ ውሃው፣ የኔ ወደ መንገዱ፣
መሃል አንዲት መደብ ተረፈች ከገመዱ።
ልጃችን ውባንቺ የተራረፈ ችግኝ ተከለችባት።

የኔ በአሥር ቀን ተነሣ፣ ጠቆረ፣ ፋነነ፣
መንገደኛ ቆሞ እስኪያየው ገነነ፤
ኅዳር ላይ አፈሩ ተሰነጠቀ፣ የቅጠሉ ዳር ነደደ።
የሷ እንደ ጾመኛ፣ ከስቶ ግን ጸንቶ፣ ቀስ እያለ ሄደ።
የመሃሏ ጎመን ግን... የአህያ ጆሮ!
ውባንቺ አንዱን ቅጠል፣ ያለ ዝናብ፣
ጃንጥላ አድርጋ ትዞራለች በጓሮ።
ስንቀጥፈው ይመለሳል፤ ስንቀጥፈው ይመለሳል።

ቅዳሜ ገበያ፣ ከሚዛኑ ሥር፣ አንዲት ሴት "ምን አበላችሁት?" አለች።
እኔ ጎመኑን አየሁ። አትጠገብ ሚዛኑን አየች።

ማታ መብራት ሲጠፋ ነው የተናዘዝነው፦
እሷ ለልጇ ብላ ከጉድጓዷ ሦስት ቅርጫት ደፍታባታለች፣ እኔ ሳላይ፤
እኔም ለልጄ ብዬ፣ ዩሪያዬን በቆርኪ ሰፍሬ፣
ከግንዱ ፈንጠር አድርጌ ቀብሬያለሁ፣ እሷ ሳታይ።

ዘንድሮም እሰለፋለሁ፣ ግን ለሩብ ኩንታል፤
መንሹንም እኔ እይዛለሁ፣ እምቦጩ ከብዷታል።
ጠቡ አልቀረም። "ቆርኪህ ሞልቶ ይፈሳል" ትለኛለች፤
"ጉድጓድሽ ይሸታል" እላታለሁ።
ያቺ መሬት የለካንባት ገመድ ግን አልተጣለችም፤
እየቆረጥን
ጎመን እናስርባታለን።