ለአንድ ትንፋሽ

ጠባሴ፣ ከጌጤነሽ ሱቅ፣ ከደጃፉ ቆሜያለሁ፤
መዳፌን እያፋተግሁ የጧቱን ብርድ አባብላለሁ።
ሁለት ካሜራ አስቀመጠች፣ ጎን ለጎን፣ እንደ መንታ፣
ሽቦ በጥርሷ እየላጠች፣ ለወሬ ጊዜ አጥታ፦
"ይኸኛው በባትሪ ነው፤ ያኛው በካፓሲተር።
ዋጋቸው አንድ ነው። ምረጥ። ደንበኛ ቆሟል ከበር።"

የድሮው ባትሪ ነበረው። ግንቦት ላይ ነው ያመመው።
ሸዋ ሮቢት፣ በስድስት ሰዓት፣ የሽንኩርት ተራ ስጠብቅ፣
መሪው እጅ ሲልጥ፣ ወንበሩ ላብ ሲያፈልቅ፣
ማገጥ እንደ በላ በሬ ካሜራው ሆዱ ተነፋ፤
ክዳኑ በጎን ተላቀቀ፣ ቅርጹም ጠፋ።
ረዳቴ ምንተስኖት በፕላስተር ጠቀለለው፤
"ይሠራል ጋሼ" አለኝ፣ "ይኸው፣ መብራት አለው።"
መብራት እንዳለው አየሁ። በቃኝ።
ስንቱን ሰው አምኛለሁ፣ መብራት ስላለው ብቻ!

ሐምሌ ገባ። ጣርማበር። ከዋሻው አፍ ስወጣ
ነጭ። ነጭ ብቻ። መንገዱ የሄደበት ታጣ።
ቀጥሎ መብራት፤ ቀጥሎ ጡሩንባ፤
ቀጥሎ የመስታወት ስባሪ ጭኔ ላይ።
ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ግማሽ ፊቴን ፍቆ ሄደ፤
የአይሱዙዬም ኤሌክትሪክ ከሥሩ ተበጠሰ።

ትራፊኩ ደረሰ። "መስመሩን የለቀቀ ማን ነው?"
እኔ "እሱ ነው" አልኩ። ያም ጮኸ፦ "እሱ ነው!"
ጉሙ ብቻ ነበር ያየ፤ ጉም ደግሞ አይመሰክርም።
ካርዱን አውጥተን ብናየው፣
ዋሻው አለ፣ አምፖሎቹ አሉ፣ የዋሻው ማብቂያ አለ፤
የመጨረሻዋ ፋይል ግን ሳትቋጭ የቀረች ክር ናት፣ አትከፈትም።
ለዚያች ቅጽበት ነበር ባትሪው የሚያጠራቅም፤
ያቺ ቅጽበት ስትመጣ፣ እሱ የለም።
ግማሽ በግማሽ ከፈልን።

ለማንም ያልነገርኩትን፣ እስቲ ለዚህ ወረቀት፦
መስመሩን ማን እንደ ለቀቀ፣ እኔም አላውቅ፣ በእውነት።

"ባትሪውን ውሰድ ጋሼ" ምንተስኖት ይወተውታል፤
"ቁልፍ ነቅለን ስንተኛ፣ እሱ ነቅቶ ይጠብቃል፤
ናፍጣ የሚመጥ ሌባ፣ ስፖኪዮ የሚፈታ..."
"ለስንት ደቂቃ?" አለች ጌጤነሽ፣ መበየጃዋን አንስታ፤
"አምስት? ዐሥር? ሌባውስ ቀጠሮ አክባሪ ነው እንዴ?"
እሱ አኮረፈ። እኔን ሳቅ አመለጠኝ ከሆዴ።

"ካፓሲተር ድሃ ነው" አለች፤ "ለነገ አያስቀምጥም፤
ቁልፉን ስትነቅለው፣ ካንድ ትንፋሽ በላይ የለውም።
በዚያች ትንፋሽ ግን የጀመረውን ቃል ይቋጫል፤
ፋይሉን ዘግቶ፣ ቆልፎ፣ ከዚያ ይተኛል።
ሮቢት ቢያፈላው አያብጥም፤ ጠባሴ ቢያበርደው አይሰንፍም፤
ሌላ ተአምር አትጠብቅ። ሌላ አያውቅም።"

አሰብኩት። ሌሊቱንማ የሚጠብቅ ሰው አለ፤
ሮቢት፣ ከመጋዘኑ በረንዳ፣ አህመዲን፣ ሽርጡን እንዳገለደመ።
እሱም ባትሪ አለው፤ ሦስት ድንጋይ የሚጎርስ፣
ድንጋዩ ሲደክምበት በጥርሱ ነክሶ የሚቀሰቅስ።
እንቅልፍ ካልጣለው፣ ከካሜራ ይሻላል፤
እንቅልፍ ከጣለውም፣ ሲያንኮራፋ ሌባ ይሸሻል።

ካፓሲተሩን ወሰድኩ።
ምንተስኖት እስከ ደብረ ሲና አላናገረኝም።

እዚያ፣ ቆሎ ሻጮቹ ዘንድ፣ የአስፋልቱን ዳር ይዤ፣
ሞተር አጠፋሁ፤ ቁልፉን ነቅዬ አየኋት ፈዝዤ፦
ሰማያዊዋ መብራት አልጠፋችም ወዲያው፤
አንድ... ሁለት... አንዲት ነገር እየጨረሰች ነው።
ከዚያ ጨለመች።

በሚመጣው ጉም ውስጥ መስመር የለቀቅሁ እኔ ከሆንኩ፣
እሱ ይንገረኝ፤ እኔማ፣ ራሴን ጠይቄ ደከምኩ።
ምንተስኖት ቆሎውን ዘረጋልኝ። ዘገንኩ።