የልክ ደብተር

ደሴ ላይ ሰፈሬ፣ ስሙ ቧንቧ ውሃ፤
ጉም ለብሶ የሚጠማው፣ ብርዳም በረሃ።

እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ።
በቁመቴ ልክ የተሠራ ብረት ተሸክሜ፣
ለሆጤ ዘግቼ ለሮቢት እከፍታለሁ፣ በውድቅት ቆሜ።
አንዱ ሰፈር ሲያስል፣ ሌላው ሲተነፍስ፣
እኔ ነኝ የምሰማው፣ በብረቱ አልፎ እስከ እጄ ሲደርስ።

ፈረቃው በየሦስት ቀን ይላል፣ ወረቀቱ ላይ።
ወረቀት ምን ያውቃል? ወረቀት አይጠማም፤
ጀሪካን ደርድሮ ተራ አይሻማም።

በልግ እንደ ልማዱ በየካቲት አይመጣም፤
ቢመጣም በር ላይ ቆሞ ነው፣ አረፍ ብሎ አይጠጣም።
ክረምቱ ደግሞ የሦስት ሳምንት ዝናብ በሦስት ቀን ጠቅልሎ፣
ከጦሳ ገደል አፈር፣ ከአፈሩ ጋር አጥር አንከባልሎ፣
ቦርከናን በላስቲክ ሞልቶ፣ አስፋልቱን ከሥሩ ነቅሎ፣
ወደ ኮምቦልቻ ይነጉዳል፣ እኛን ከባዶ ባልዲ ጋር ጥሎ።

ውሃ አየን። ውሃ አላገኘንም።

ቢሮው ስብሰባ ጠራ።
«ጉድጓዶቹ ወርደዋል» አለ አንዱ፤
«ፓምፑ ነው» አለ ሌላው፤ «መብራቱ ነው»፤ «ሕዝቡ በዛ»።
«የድሮው መዝገብ ይምጣ» ቢባል
«ያን ጊዜ ከወንበሮቹ ጋር ሄደ» ተባለ፤
ስለ ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም።

ዘሀራ ያን ቀን ለሌላ ጉዳይ ነበር የመጣችው፤
ልብስ ሰፊዋ፣ ከመናፈሻ።
«ቆጣሪያችሁ አየር ቆጥሮብኛል» ልትል፣
ለማስረጃ የልክ ደብተሯን ይዛ።

«የአስካለ ቀሚስ፣ ወገብ ሰባ ስምንት። ውሃ ሌሊት ዘጠኝ፣ ቀጭን።»
«የሼህ ኑርዬ ጀለቢያ፣ ርዝመት መቶ አርባ። ውሃ የለም። ከሰዓት በረዶ።»
«ለሚዜዎች ስድስት ቀሚስ።
ውሃ የለም። ውሃ የለም።
ውሃ መጣ፣ ቡኒ።»

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ፣ በእርሳስ።

መሐንዲሷ ጀሚላ ስልኳን ገልብጣ አስቀምጣ
ገጹን በጣቷ ተከተለች፦
«ሦስት ቀን... አምስት... ዘጠኝ...
በልግ የቀረባቸው ዓመታት ሁሉ እዚህ አሉ።»

እኔ ደግሞ በትከሻዋ አሻግሬ አንድ መስመር አነበብኩ፦
«ማክሰኞ። ተራችን ነበር። ውሃ ቀጠነ። ለምን?»
ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።
ያን ሌሊት አንድ ባለ ሆቴል ደውሎ
ሁለት ዙር አላልቼለት ነበር። ሁለት ዙር ብቻ፣
ከእጄ ጡንቻ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ።

ሥራ አስኪያጁ «ምን ይሻላል ታዲያ?» አለ፣ እንደ ቀልድ።
ዘሀራ አልሳቀችም፦

«ሰውዬው ወፈረ፣ ጨርቁም አጠረ፤
የእናንተ መቀስ ግን በድሮው ልክ ቀረ።
እኔ ጨርቅ ሲያንሰኝ ለደንበኛዬ እነግራለሁ፣
ሙሉ ቀሚስ ይወጣል ብዬ እንዴት እምላለሁ?
እንደገና ለኩ። ቁራጩንም አትጣሉ፤
ኪስ የሚወጣው ከቁራጭ ነው፣ ሰፊዎች ይህን ያውቃሉ።
ከሮቢት መታጠፊያ፣ ከዚያ ከተሰበረው ቱቦ፣
ስንት ኪስ ፈሰሰ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ተስቦ?»

ደብተሩን ኮፒ እናድርገው ተባለ። መብራት የለም።
ጀሚላ ሁለት ሳምንት በእጇ ገለበጠችው፤
የወገቡንም የትከሻውንም ልክ አልዘለለችም፣
«የትኛው እንደሚያስፈልግ ገና አላውቅም» ብላ።

አዲሱ ፈረቃ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ።
በየሰባት ቀን ይላል። ሰው ተቆጣ፤ ልክ ነው።
ከታች በትንሽ ፊደል፦ «በልግ ከቀረ፣ በየዘጠኝ።»
እንዲህ ያለ እውነት ማኅተም ተመትቶበት አይቼ አላውቅም።
ቱቦው ተጠገነ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ አሸንዳ ተገጠመለት።
ባለ ሆቴሉ ደወለ፤ አላነሳሁም። ሁለተኛም ደወለ፣
እውነት ለመናገር፣ እጄ ወደ ስልኩ ሄዶ ነበር።

ትናንት ሌሊት ጦሳ ላይ ጉም ተኝቶ፣
ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ቁልፉን አዞርኩ፤
ብረቱ ሳለ፣ ተነፈሰ፣ ሄደ።
ከመናፈሻ በኩል አንድ መስኮት በራ።

አሥር ደቂቃ አርፍጄ ነበር።
ጽፋዋለች።