ተራ ነገር

ሠላሳ ዓመት በጠመኔ፣ ነጭ አቧራ ስተነፍስ፣
አንዱ ከኋላ ይጮኻል፣ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ፦
"መምህር! ፐርሙቴሽን ነው ኮምቢኔሽን?"
ቀመሩንማ ያውቁታል፤ ይወርድላቸዋል እንደ ውሃ፤
የት እንደሚገባ ነው ጭንቁ፤ ቁልፍ ይዞ በረሃ።

መልሱን ያገኘሁት ጡረታ ወጥቼ ነው፣ ሂርማታ ገበያ ዳር፣
ራውዳ ጭማቂ ቤት፣ አባ ፊጣ በጠረባት በርጩማ ላይ ስዳክር።
(ሦስት እግር ናት። "ሦስት እግር አይንገዳገድም" ይላል፤
ጂኦሜትሪ ማን እንዳስተማረው እግዜር ያውቃል።)

ራውዳ አቮካዶውን ከታች፣ ማንጎውን መሀል፣ ፓፓያውን ከላይ አንጥፋ፣
ሙስባህ ባጃጁን አቁሞ ገባና "ለኔ ማንጎው ከላይ ይሁን" አለ በይፋ።
ሦስት ፍሬ፣ ስድስት መልክ፤ ቆጠርኩት በጣቴ።
እሱ ማንኪያ ነክሮ አማሰለው፤ ወይኔ ልፋቴ!
ስድስቱ አንድ ሆነ፤ ያው ቀለም፣ ያው ጣዕም፣ ያው ሆድ።
"ታዲያ ምን አጨቃጨቀህ?" ብለው፣
"ዓይንም እኮ ይጠጣል፤ ሆድ ብቻ ነው እንዴ የሚወድ?"

ሳይማሰል ፐርሙቴሽን፣ ሲማሰል ኮምቢኔሽን።
ይህን ያኔ ባውቀው ኖሮ!

ስምም እንዲሁ ነው።
"ሙስባህ ረሺድ" ስትል ባጃጅ ነጂው አቤት ይላል፤
"ረሺድ ሙስባህ" ስትል፣ ባያቱ ስም የተጠራው ልጁ
ከዴስኩ ብድግ ይላል።
ቃሉ ሁለት ነው፤ ማን ማንን እንደወለደ ግን ተራው ይናገራል።

አምስት ሆነን እቁብ ገባን፤ ልብስ ሰፊዋ ደምቱ አምስተኛ፣ እኔ ጸሐፊ።
በወር አራት ሺህ፤ ለወጣለት ሃያ።
የራውዳ ልጅ እጇን ከጭማቂ ብርጭቆ ሰዳ፣
ከመቶ ሃያው ዓይነት ተራ አንዱን አወጣች፦
ግንቦት ራውዳ፣ ሰኔ እኔ፣ ሐምሌ ሙስባህ፣ ነሐሴ አባ ፊጣ፤
ደምቱ መስከረም። ሳቀች። "ቁጠባ ነው፤ የትም አይሄድ የኔ እጣ።"
እኔም በመምህር አንደበት፦
"ተራ ነገር ነው፤ ለሁሉም ሃያ ሺህ፤ ድምሩ አንድ።"

ወንድሟ ገለታ ሆስፒታል መተኛቱን አልነገረችንም።
መድኃኒቱ ከውጭ እንደሚገዛ አልነገረችንም።
የስፌት መኪናዋን ስትሸጥ "አርጅታ ነው" አለች፤
እኛም አልጠየቅናትም።
በሰኔ፣ በእኔ ወር፣ ቴሌቪዥን ገዛሁ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት፣ አዌቱ ከዳር እስከ ዳር ደፍርሶ ሲሞላ፣
ገለታ ሞተ።
መስከረም ላይ ሃያ ሺህ ቆጥሬ ሰጠኋት። ፈረመች።
መዝገቤ ተዘጋ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።
ሁለት ወረቀት ማቀያየር ነበር፤
የእኔንና የእሷን።

ለቅሶው ዕለት ባጃጁ ከኋላ ሦስት ሰው ጫነ፤
ማን መሀል እንደተቀመጠ አላስታውስም።
ድንኳን ውስጥ ተራ የለም፤
የቀደመውም የዘገየውም "መጥቷል" ነው የሚባለው።
እዚያ የሚቆጠረው የቀረ ሰው ነው።

ያ ከኋላ የሚጮኸው ልጅ ዛሬ ቢመጣ፣
ጠመኔም አላነሳ።
ሁለቱን አቀያይርና ፊታቸውን እይ፣ እለዋለሁ።
ምንም ካልተለወጠ አማስለው፣ ጠጣው፣ አንድ ብለህ ቁጠረው።
አንድ ሰው እንኳ ካለቀሰ፣
ተራ ነገር አይደለም።

ጥቅምት ገባ። አዲስ እቁብ፣ ያው አምስት ሰው፣ ያው ብርጭቆ።
ልጅቷ እጇን ልትሰድ ስትል አፉን በመዳፌ ከደንኩት።
"ቆይ" አልኩ። "መጀመሪያ፣ የቸገረው ማነው?"
ራውዳ ማሽኑን አጠፋች።
ደምቱ መርፌዋን ሻሿ ላይ ሰካች።
ሙስባህ ጉሮሮውን ጠረገ።