ውሃ ያልደረሰው ጥግ

ዊንዘር፣ የካቲት ነው፤ ወንዙ ግማሽ በረዶ፣
ማዶ የዲትሮይት ፎቅ በጉም ተጋርዶ፣
የኖሪን መኪና አፏን ከፍታ አለች፤
ባለፈው በጋ ብቻ ሦስት ጋርኒሲዮን በላች።

ያው ሰባተኛው ነው። ሁሌም ሰባተኛው፣
ከኋላ፣ ከጥጉ፣ ማንም የማያየው።
የሌሎቹ ካንዴላ ቡናማ ነው ቀለሙ፤
የእሱ አጥንት መስሏል፣ ተልሷል ከነደሙ።

አንዱ «ነዳጅ» አለ። ሌላው «ብልጭታው ነው»።
አንዱ ደግሞ ኖሪንን፦ «እግሯ ነው፣ ከባድ ነው።»
እሷ ዝም ብላ ጓንቷን ትነክሳለች፤
«ጌጁ ዘጠና ነው፣ አይቼዋለሁ» አለች።

ጌጁ መች ዋሸና፤ ያየውን አወራ።
ከደጃፍ የቆመ ስለ ጓዳ ምን ያውራ?

ውሃ እንደ ሰው ነው፤ ቀላሉን ይወዳል፤
ከፖምፓው ተገፍቶ በብሎኩ ይሄዳል፣
ቴስታታው ላይ ወጥቶ በፊት በር ይወርዳል።
ኋላ የቀረውን ማን ዞሮ ያየዋል?
እዚያ ጥግ ላይ ቆሞ ብቻውን ይፈላል፤
አረፋ ይሆናል፤ አረፋው፣ እንፋሎት፤
እንፋሎቱ ትራስ፤ ብረት ተደግፎት
ውሃ እያለመ ያልቃል በውሃ ጥማት።

አጎቴ ቆቦ ላይ የውሃ አባት ነበር፤
ቦይ ሲያከፋፍል ውሎ ቦይ ሲያስታርቅ የሚያድር።
«ከቦዩ አፍ ያለ ሰው ጎመኑ ይረዝማል፣
ከጫፉ ላይ ያለው ዳኛ ፊት ይቆማል፤
ውሃ አልጎደለም» ይል ነበር፣
«የጎደለው ተራ ነው።»

ለኤቶሬ ደወልኩ። ሰማንያ አልፎታል፤
ከኢሪ ጎዳና በዱላ መጥቷል፤
አርባ ዓመት ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣
ጡረታ የሚባል ነገር የሚያስነጥሰው።
እጄ ቅባት ሆኖ ምላሴ ሳተብኝ፣
በእንግሊዝኛው መሃል «ቴስታታ» አመለጠኝ።

«ከየት አገኘሃት?» አለ ቀና ብሎ።
«ከጌታዬ» አልኩት፤ «ከኮምቦልቻ ጋራዥ። እሱም ከጌታው ነው።»
«ካንዴላስ?»
«አለች።»
«ጋርኒሲዮን?»
«እሷማ ተቃጥላ መጣች።»
ሳቀ፣ እስኪያስለው።
ሁለታችንም በእንግሊዝኛ እንኮላተፋለን፤
በብረት ስም ግን ምንም አልቸገረን።

ሥራው ብዙም አይደል፦ ስምንት ሚሊ ቀዳዳ
ከኋለኛው ጥግ ላይ። ስህተቱ ነው ዕዳ፤
ከግድግዳው ጀርባ የጭስ መንገድ አለ፣
ሁለት ሚሊ ብታልፍ ቴስታታው ተጣለ።
(አምና አንድ ጥያለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤
በካንዴላው ቀዳዳ እስክሪብቶ እሰካለሁ።)

ትራፓኖው ላይ ቴፕ ጠምጥሜ ልኩን ያዝኩ፤
ሞርሳውን አጠበቅኩ፤ ትንፋሼን አመቅኩ።
እሱ የዱላውን ጫፍ ብረቱ ላይ አኑሮ
በሌላው ጫፍ በኩል አስጠግቶ ጆሮ
«ቀጥል… ቀጥል…» ይላል። ድንገት፦ «በቃ! ባስታ!»
ቆምኩ። ከቀዳዳው ወጣች አንዲት ጠብታ፣
አረንጓዴ፣ ወፍራም፣
እዚያው ያረጀች።

ጥርስ አወጣሁለት፣ ቀጭን ቱቦ ሰካሁ፣
ከጥጉ እስከ ራዲያተር ወደ ፊት ዘረጋሁ።

ግንቦት ላይ፣ ግራንድ ቤንድ። ፀሐይ አስፋልቱን ስትልሰው
ከሰባተኛው ጀርባ አዲስ ጌጅ አለው፤
መቶ አሥራ ስምንት ይደርስ የነበረው
ዘጠና ስድስት ላይ ቆመ። አልነቃነቀው
ዙር ቢደጋገምም፣ እግሯ ቢከብደውም።

ውድድሩንስ? ሰባተኛ ወጣች።
«ደስ ይበለው እንግዲህ» አለች፣
ሞተሩን በጓንቷ መታ እያደረገች።

ለኤቶሬ ደወልኩ። ስልኬን ለሞተሩ
አስጠግቼ ቆምኩ፤ ይስማው እንደ ነገሩ።
ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ ሲተነፍስ፦
«ሰባት ተኝቷል» አለኝ።
«አምስት ላይ ግን፣ ቀስ ብለህ ስማ፣
ቫልቭ ይንኳኳል።»

ሰማሁ። እውነቱን ነው።
መፍቻዬን ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።